የአማንክዋ ሽንት ለምን ቆመ

አማንክዋ ልቡ ተጠግኖለት በኩላሊቱ ሞተ። የሥራ ባልደረቦቹ፣ የጋናዋ ኩማሲ የጭነት ሾፌሮች፣ ስለ ጥገና የማያውቁት የለም፤ ይህን ጥገና ግን አንዳቸውም አልገባቸውም።

ኢንስፔክተር ፍሬማ ሆስፒታሉ ስትደርስ አስከሬኑ በእናቱ ጨርቅ ተሸፍኗል። ነርሷ ናኣ ዴዴ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ሊወስዳት የመጣው ፖሊስ በር ላይ ቆሟል።

«ኩላሊት የሚጎዳ ማስታገሻ ሰጥታዋለች» አለ ቀዶ ሐኪሙ ላርተይ። «ልቡ የተከፈተ ሰው ኩላሊቱ እንደ እንቁላል ነው። ውሃ ካነሰው፣ ግፊቱ ከወረደ፣ አለቀ።»

«ስትሰጠው አይተዋል?»

«ሌላ ማን ይሰጠዋል?»

ፍሬማ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሰጠሁት፣ እትዬ። ሽንቱ ሲቀንስ ለዶክተር ነገርኩ፤ ‹ጠብቂ› አለኝ።»

«ገላውን ማን ያጥበው ነበር?»

«እናቱ። ‹የወለድኩትን ባዕድ አያገላብጥልኝም› ብለው አላስነካ አሉ።»

ከመስኮቱ ውጭ አጥሩ በተሰጣ አንሶላ ተሸፍኗል። እናትየው ማሜ ፖኩዋ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረዋል።

«ምን አቃጠለዎት፣ ማሜ?»

«በርበሬ ነዋ። ዕድሜ ልኬን ፈጭቼ ዛሬም ይለበልበኛል።»

ፍሬማ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበች።

«አጥሩ ላይ ያለው አንሶላ ሁሉ የአማንክዋ ነው። ተቅማጥ ይዞት ነበር። ማሜ ቶሎ ቶሎ ስለሚያጥቡ ነርሷ አላየችም። ውሃው አለቀ፣ ግፊቱ ወረደ፣ ኩላሊቱ ቆመ። ታዲያ ምን አስቀመጠው? በርበሬ ተፈጭቷል።»

«እህል አልቀመሰም እኮ!» አለ ላርተይ። «በርበሬው በየት ገባ?»

«ዶክተር፣ እንደኛ የኩማሲ አሻንቲ እናት አላሳደገችዎትም። እኔን እናቴ የዝንጅብልና የበርበሬ ውሃ በጎማ ፊኛ ከኋላዬ እየጨመቀች፣ ሆዴን እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ለትኩሳትም፣ ፈተና ለወደቀም መድኃኒቱ ያው ነበር።»

ማሜ ቀና አሉ።

«ሆዱ ደርቆ ይቃትት ነበር። የባህል መድኃኒት እንዳይጠጣ ብላችሁኛል፤ ጠብታ አላጠጣሁትም። በፊኛው ብቻ አጠብኩት። ሲቀለው ጊዜ ደስ ብሎኝ ደገምኩለት።»

«ስለ ፊኛው ጠይቀዋቸው ነበር፣ ዶክተር?»

ላርተይ መነጽሩን አወለቀ። «አልጠየቅኋቸውም።»

«እንግዲህ እኔ ነኝ» አሉ ማሜ።

ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ ከበሩ ገለል አለ።

ማሜ ተነሥተው ናኣ ዴዴን በክንዷ ያዟት።

«ነይ ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ። እናትሽ ትጠብቅሻለች።»