ለማንም ያላሳየችው ፎቶ

«ውስጡን ሳታይ ትሠራልኛለህ?» አለችኝ ነሲባ፣ ስክሪኑ የጠፋ ስልኳን አስቀምጣ።

መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ኢዘዲን እባላለሁ።

«ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ያክማል እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። በቃ፣ የዚያን ቀን አለቀልኝ!

እኛ ጠጋኞች ስልክ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ያለውን ሁሉ ወደ ሱቁ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። ስንጨርስ መልሰን ጭነን ከኮምፒውተሩ እናጠፋዋለን። የነሲባን መለስኩላት፤ ግን አላጠፋሁትም። ከመካከሉ ቤት ውስጥ ሂጃቧን አውልቃ፣ ፀጉሯን ለቅቃ የተነሳችው ፎቶ ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ከፍቼ እመለከታት ነበር። ማንን ጎዳሁ ብዬ!

ስምንት ወር ተዋደድን። ሽማግሌ ላክሁ፤ አባቷም ፈቀዱ።

ኒካሃችን ሁለት ሳምንት ሲቀረው እርቃኗን የሚያሳይ ምስል በቴሌግራም ተለቀቀ። በኤአይ የተሠራ ነው። ገላው የሷ አይደለም። ፊቱና የተለቀቀው ፀጉር ግን የሷ ነበር።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ ነሲባዬ።»

«አንተ ብቻ ነህ ያመንከኝ...»

የተሠራበትን ፎቶ ለይቼዋለሁ፤ እኔ ያላጠፋሁት ነው። ባለፈው ወር አሮጌውን የሱቅ ኮምፒውተሬን ሐራ ከተማ ላለ አንድ ፎቶ አንሺ ስሸጥ ውስጡን አላጸዳሁትም ነበር። ብናገር አጣታለሁ ብዬ ፈራሁ።

አባቷ ከሰው ፊት ሸሹ፤ ጁምዓ እንኳ መስጂድ ቀሩ። ነሲባ ታናሽ እህቷን ሲቲን ያዘች።

«ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ! ከአንቺ ሌላ ማን አየው?»

«ለማንም አላሳየሁም፣ እህቴ... ለማንም!»

በጥፊ መታቻት። አባቷም ሲቲን ከቤት አስወጧት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሲቲ በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

በማግስቱ ነሲባ ወልድያ፣ ጠበቃ ሽፈራው ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

«ለኤአይ ራሱን የቻለ ሕግ ገና የለንም» አሉ ጠበቃው። «የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ግን ወጥቷል። ፎቶሽን ያለ ፈቃድሽ ያስቀመጠም፣ ለሌላ ያስተላለፈም ይጠየቃል። ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

ነሲባ እንባዋን ዋጠች። «እህቴን። ሲቲ ትባላለች።»

ጠበቃው መጻፍ ጀመሩ።

«ይቆዩ፣ አይጻፉ!» አልኩ። «ሲቲ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ተናገርኩ።

«ወድጄሽ ነው...» አልኳት በመጨረሻ።

«ፎቶውን ይቅር እልህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ግን ሲቲን ስመታት ቆመህ አየኸኝ። አላህ ይይልህ፣ ኢዘዲን!»

መርሳ ስትመለስ በቀጥታ የሄደችው ሲቲ ተጠግታ ወዳለችበት አክስቷ ቤት ነው። እግሯ ላይ ወደቀች አሉ።

ምስሉን ሠርቶ የለቀቀው ያ ፎቶ አንሺ ተያዘ። እኔም ተከስሼ፣ በዋስ ወጥቼ ጥፋቴን አመንኩ። ምስሉ የሐሰት መሆኑ በችሎት ተነገረ፤ አባቷም እንደገና መስጂድ መሄድ ጀመሩ። እኔን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ግን ሰላምታ ነሱኝ።

ወልድያ በዋለው ችሎት ዳኛዋ ወደ እኔ እያመለከቱ ነሲባን ጠየቋት።

«ይህ ሰው ምንሽ ነው?»

ነሲባ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረች።

«ላገባው ነበር» አለች።

ችሎቱ ሲያልቅ የሲቲን እጅ ይዛ ወጣች። ሁለቱ በመርሳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አንድ ወንበር ቀርቶት ነበር፤ እኔ ቀጣዩን ጠበቅኩ።