ዳትሰኗን ያየች ዓይን

«ዓይኗ ነው! ከጠዋት ጀምራ አፍጥጣባት አልነበር?» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

የክፍሉ ልጆች ሁሉ ወደ ሰርክ ዞሩ። ባምላክ መዳፉ ላይ የያዛት የድሮ የጃፓን የራሊ መኪና ሞዴል፣ ቀይና ጥቁሯ ዳትሰን፣ የፊት ጎማዎቿን የሚያገናኘው ሽቦ ተሰብሮ ባፍጢሟ ተደፍታለች። አጎቱ ከአዲስ አበባ ያመጣለት ናት። ከእውነተኛዋ መኪና ሃያ አራት እጅ ታንሳለች እንጂ መሪዋ፣ መብራቶቿ፣ በሯ ላይ ያለው የውድድር ቁጥር፣ አንድም የቀራት የለም። «ለእይታ ናት እንጂ መጫወቻ አይደለችም» እያለ ከነመስታወት ሳጥኗ ነበር ትምህርት ቤት ያመጣት።

ሰርክ በእርግጥ አፍጥጣባታለች። እንዴትስ አታፈጥባት! የቀጥቃጭ ልጅ ናት፤ ብረት እንዲህ ሲያምር አይታ አታውቅም። ግን አልነካቻትም። የነካቻት አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ አምሳል ናት። በእረፍት ሰዓት «ጎማዋ ይዞር ይሆን?» ብላ ከሳጥኗ ስታወጣት አምልጣት ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሳ ከተተቻት። ሰርክ አይታለች።

«ቡዳ!» አለ ሌላው፤ ሳቅ ተከተለ። የብረት ሠሪ ዓይን ይበላል የሚሉት ወሬ አርጅቷል፤ መቼም አይሞትም። ሰርክ አምሳልን አየቻት። አምሳል አንገቷን ደፋች።

ሲወጡ ባጃጅ ተራው ጋ አምሳል ክንዷን ያዘቻት።

«አፈር ስሆን ሰርክዬ፣ እንዳትናገሪ! እናቴ ከሰማች አለቀልኝ።»

«እኔንስ ቡዳ ሲሉኝ?»

«አታካብጂ፤ ነገ ይረሱታል። ደግሞ አንቺ እኮ ለምደሽዋል።»

ሰርክ ክው አለች። የእነዚያስ ስድብ ነው፤ ይቺ ግን ከጓደኛ አፍ የወጣች ናት። ክንዷን አስለቅቃ ጥላት ሄደች።

አባቷ አዛናው ወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። የሩዝ አጨዳ ደርሷል፤ የፎገራ ገበሬ በዚህ ሰሞን እሳቸው ደጅ አይጠፋም። ነገሩን ስትነግራቸው ሞረዳቸውን አስቀመጡ።

«ነገ ቅሪ ልጄ፤ ሲበርድላቸው ትሄጃለሽ። ዝም አይነቅዝም።»

«እኔን ግን እየነቀዘኝ ነው አባባ!» እንባዋ መጣ። «ይሄ የማን ማጭድ ነው?»

«የዓለምነው።» ዓለምነው የባምላክ አባት ናቸው።

«ስንት ዓመት ሠሩላቸው? አንድ ቀን እንኳ ዓይናችን ማጭድ ሰብሮባቸዋል?»

አዛናው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና ቀጭን ሽቦ አንስተው አቀበሏት። ሰርክ ለዳትሰኗ ጎማዎች ቆረጠችው፤ ሞረደችው። ያን ያህል ማፍጠጧ ለከንቱ አልነበረም፤ የጎማዎቹ ልክ ልቅም ብሎ ዓይኗ ላይ አለ።

በማግስቱ ገና በር ላይ ስትደርስ፣ «ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች!» አለ ያው የኋላ ወንበሩ ልጅ። ባምላክ ሲያያት ሹራቡን አውልቆ ሳጥኑ ላይ ጣል አደረገ።

«ግለጣት» አለችው።

«ለምን? ልትጨርሻት?»

«የእናንተን ማጭድ አባቴ ናቸው የሚስሉት። ትናንት እስኪበቃኝ አየሁት፤ ዛሬ ማለዳ አባትህ መጥተው ወሰዱት። ሂድና ተሰብሮባቸው እንደሆነ ጠይቃቸው!»

ሰርክ የሞረደችውን ሽቦ ከኪሷ አውጥታ አምሳል ፊት አስቀመጠችው።

«ልኳ ነው። መግጠሙ ግን ያንቺ እንጂ የኔ አይደለም» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔ አልለመድኩትም አምሳል። አልለምደውምም።»

አምሳል ሽቦውን አየች፤ ባምላክን አየች። ሰርክ ግን ምን ትል ይሆን ብላ አልጠበቀቻትም። ሹራቡን ገፈፈችና ወንበር ስባ ከዳትሰኗ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አትያት!» አለ ባምላክ፤ ድምፁ ግን የቅድሙ አልነበረም።

«አያታለሁ» አለች። ከፊት መብራቶቿ ጀመረች። ከኋላዋ አምሳል «ባምላክ…» ብላ ብድግ ስትል ወንበሯ ሲንቋቋ ተሰማት፤ ሰርክ ዓይኗን ከመኪናዋ ላይ አልነቀለችም።