ብሎን የነከሰው መካኒክ

እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ቢኖርም ሰፈሩ የሚያውቃት «ደወል» በሚለው ነው። ልብስ ስትሰፋም፣ መንገድ ስትሄድም፣ ተራ ስትጠብቅም አጠገቧ ላለ ሰው ስለ ጌታ ሳትመሰክር አትውልም። የጉባኤያቸው ሽማግሌ የሆኑት አባቷ እንኳ አንዳንዴ «ልጄ፣ ሰውየው ይተንፍስ እንጂ» ይሏታል። እሷ ግን ያመነ ሰው ዝም ካለ ምኑን አመነው ባይ ናት።

አንድ ጠዋት በአክስቷ ሱቅ የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰች አስቸገረች። አክስቷ መካኒክ አስጠሩ። የመጣው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ ላይ የዘይት ነጥብ ያለበት ወጣት ነበር። መኪናዋን ገልብጦ የፈታቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ በከንፈሩ ያዘ። ልማዱ ነው፤ መሬት ላይ ያስቀመጡት ብሎን ይጠፋል፣ አፍ ላይ ያለ ግን የትም አይሄድም።

«ወንድሜ፣ ጌታን ታውቀዋለህ?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። አፉ ብሎን ብቻ ነው። «እም...» አለ።

«አይዞህ፣ ገና ነህ ማለት ነው» አለችና ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋችው።

ከዚያማ ማን ያቁማት! ከፍጥረት ተነሥታ መስቀሉ ሥር እስክትደርስ ትንፋሽ አልወሰደችም። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ አፉ ነጻ ሲወጣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ፤ አያትና መልሶ ዋጠው።

«ሌላ ቀን ትቀጥዪልኛለሽ?» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲያ የዚያች መኪና በሽታ በዛ። መካኒኩም በመጣ ቁጥር ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ እሷ ስትመልስለት ግን የሚያየው ዓይን ዓይኗን ነው። አንድ ቀን አክስቷ፣ ደወል የጤነኛዋን መኪና ብሎን በካቻቪቴ ስታላላ እጅ ከፍንጅ ያዟት።

«አክስቴ፣ ነፍስ ለማዳን ነው!»

«እሱስ ገብቶኛል» አሉ አክስቷ። «የማን ነፍስ እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና መውደዷን ከሁሉ ኋላ የሰማችው እሷው ናት። ስትሰማም ጭንቅ ያዛት። የማያምን ሰው ማግባት አባቷም አይፈቅዱም፣ እሷም አታደርገውም። ስለዚህ ምሳዋን እየተወች ትጸልይለት ጀመር። ጌታ ሆይ፣ ቶሎ በልለት፤ ለእሱም ለእኔም ብለህ!

በዚያው ሰሞን ማዶ ሰፈር ያለ ጉባኤ ለዘማሪዎቹ በእነ ደወል ሱቅ ልብስ አሰፋ። ደወል ተሰፍቶ ያለቀውን ታቅፋ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። መካኒኩ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለአዳዲስ አማኞች ትምህርት እየሰጠ ነው።

«ይቺን ምሳሌ የነገረችኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት» ይላል። «ስንት ዓመት ሳስተምር እንደ እሷ ያስረዳኝ የለም።»

ለካስ ደወል ለቀባሪው ስታረዳ ነው የከረመችው! ልብሱን በሩ ላይ ጥላ ወጣች። መካኒኩ አይቷት ግቢው መሀል ሮጦ ደረሰባት።

«ምሳዬን ትቼ ስጸልይልህ!» አለችው።

«ያን ቀን እኮ አፌ ውስጥ ብሎን ነበር...»

«በኋላስ? ብሎኑን ዋጥከው?»

ሳቁ መጣበት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ጠፋ። «በኋላማ ፈራሁ። የዳነ ሰው መሆኔን ካወቅሽ ለምን ብለሽ ታናግሪኛለሽ?»

«እኔን ላለማጣት እምነትህን ደበቅክ። ነገ ከእኔ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ምን ልትክድ ነው? ዶሮ እስኪጮህ ልጠብቅህ?»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «እውነትሽን ነው» አለ። ቀጥሎ ግን በቀስታ፣ «ደወል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስትነግሪኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አንተስ?› ብለሽኛል?» ሲል ጠየቃት።

ደወል ጥያቄውን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

አባቷ ታሪኩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ፊታቸው ቆፍጠን አለ። «አማኝ መሆኑ ደስ ይላል። እምነቱን በፍርሃት የሚሸሽግ ሰው ግን ልጄን አደራ አልሰጠውም» አሉ። እሷም አልተከራከረችም። ሱቅ ውላ ትገባለች፤ መኪናዋም እንደ ጉድ ትሰፋለች፤ ጤንነቷ ያስጠላል።

እሑድ በጉባኤያቸው በምስክርነት ሰዓት አባቷ «የሚመሰክር አለ?» ብለው ሲጠይቁ ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ሰው ተነሣ። ደወል ዞር ብላ ስታይ መካኒኩ ነው።

«እኔ የስፌት መኪና መካኒክ ነኝ» አለ። «የጌታም ነኝ። ይህን ለአንዲት ልጅ መንገር ሲገባኝ፣ እንዳትርቀኝ ፈርቼ ደበቅኋት። ተሳስቻለሁ። ዛሬ የምናገረው እንድትመለስልኝ አይደለም። ባትመለስም የእሱ ነኝ፤ ይህን በፊቷ ልበል ብዬ ነው።»

ደወል ብድግ አለች። ጉባኤው ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ እሷ ከተነሣች ምሳ እንደሚዘገይ ሁሉም ያውቃል።

«ወንድሜ» አለች፤ «አንተስ ጌታን እንዴት አወቅኸው?» ይህን ብቻ ብላ ተቀመጠች።

መካኒኩ ስለ እናቱ ተናገረ። እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ካለ፣ ሥራዋን ስትጨርስ አጠገቡ ትቀመጣለች። አትሰብክም፤ የሚያወራውን ትሰማዋለች። ደክሟት እያለ ለምን እንደምትቀመጥ ልጇ ሲጠይቃት፣ «እኔም ብቻዬን ሳለሁ አጠገቤ የተቀመጠ ነበረ» አለችው። ማን እንደሆነ ሲጠይቃት ነገረችው፤ እሱም አመነ።

ደወል እንባዋን አልጠረገችም። ስትሰማ ዓይኗ ከፊቱ አልተነቀለም።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለ መካኒኩ።

«ቀጥል እንጂ!» አለች ሳታስበው። «ዕድሜ ልኬን እሰማሃለሁ።»

ያለችው የገባት ሰዉ አዳራሹን በሳቅና በጭብጨባ ሲያናጋው ነው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። መካኒኩ ግንባሩ ድረስ ቀልቶ፣ ሊቀመጥ ወንበሩን ቢፈልገው አጣው። አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ርቦታል» አሉት። «የቀረውን ቤት መጥተህ ንገራት። እናትህንም ይዘሃት ና።»