ቤቱ ለበረዶ ሲዘጋ

አራተኛው ሳንቃ እንደገና የለም።

ቺሃያ መዶሻዋን ጥላ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አፈጠጠች። ሳንቃውን ቅድም በገዛ እጇ ነበር ከመስኮቱ ግራና ቀኝ በቆሙት ምሰሶዎች ላይ ለየብቻው በተፈለፈለ ቦይ አንሸራትታ ያስገባችው። ከላይም ከታችም ያሉት በቦታቸው ናቸው፤ መሀል ላይ ግን ስንዝር የምታህል ክፍተት ቀርታለች።

«አባባ፣ ሳንቃውን ማን ወሰደው?»

አያቷ ኩኒዞ የጽዱን ቅርንጫፎች በረዶ እንዳይሰብራቸው በገለባ ገመድ እያሰሩ ነበር። ዞር እንኳ አላሉም። «ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ ሳንቃ መዝዞ ዕቃ ቤት ውስጥ መልሶ ያስቀምጣል?»

«የዚህ አገር ነፋስ ሥርዓት ያውቃል።»

ቺሃያ ጥርሷን ነከሰች። ከሰዓት በኋላ አባቷ ሺጌሩ ከከተማ ይመጣል። ስምምነቱ ግልጽ ነው፤ ቤቱ በወጉ ከተዘጋ፣ ላምባውና ቀለቡ ከተሟላ አያቷ ክረምቱን እዚሁ ይከርማሉ። አንድ ነገር ከጎደለ ግን ዛሬውኑ መኪና ውስጥ ገብተው ከተማ ይወርዳሉ። የሚተኙት ደግሞ በቺሃያ ክፍል ነው፤ እሷም በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ሌሊቱን ሁሉ እየተራገጠ ከሚያድር ታናሽ ወንድሟ ጋር ልታድር ነው። በረዶው ጣሪያ ድረስ ሲቆለል ሳንቃ የሌለው መስታወት እንደማይችለው አያቷ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ታዲያ ምን ነካቸው?

ሳንቃውን መልሳ አስገባች። የላምባ ጀሪካኖቹን ተሸክማ ስትመለስ ግን ክፍተቷ እንደገና ተከፍታ ጠበቀቻት።

«ደግሞ አወጣው?»

ከማሳው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ቶኩ ነበሩ። ጨው ውስጥ የከረመ ፍጅል በሳህን ይዘው፣ በጎበጠ ወገባቸው ቀና ብለው መስኮቱን ያያሉ።

«እኔን የሚሰልልባት ቀዳዳ ናት እኮ» አሉ። «አምና ዛፍ ሽቦው ላይ ወድቆ ሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ፣ የምድጃዬን ብርሃን በዚያች ሲያይ ሰነበተ። ምድጃዬን ከመስኮቱ ዞር አድርጌ ብተኛ፣ በረዶውን እየጠረገ መጣልኝ። ‹የሞትሽ መስሎኝ ነበር› ብሎኝ ተመለሰ። ሻይ እንኳ አልቀመሰም፣ ይሄ ደረቅ።»

«የእርስዎ ምድጃ መብራት ሳይኖር ይሠራል?»

«ክር ያለው ነው፤ በክብሪት ይለኮሳል። የእሱ እኮ ነበር። አባትሽ አዲሱን ሲያመጣለት ለኔ ሰጠኝ።»

«አዲሱስ?»

እማማ ቶኩ ሳህኑን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «አዲሱማ ማራገቢያው በመብራት ነው የሚዞረው። መብራት ከሌለ፣ ላምባ ጢም ብሎ ቢሞላስ ምን ዋጋ አለው? ሁለቱን ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀመጠ። እኔ ቤት ና ስለው፣ ‹ሰው ምን ይለኛል› አለኝ። በሰማንያ ዓመቱ።»

ቺሃያ ያን ጊዜ አባቷ ሲደውል አጠገቡ ነበረች። አያቷ በስልክ «ከመሞቄ የተነሳ ሹራቤን አወለቅሁ» ሲሉ ቤተሰቡ በሙሉ ስቆ ነበር።

አያቷ ወዳሉበት ጽድ ሄደች። «ለአባዬ ለምን አልነገሩትም?»

አያቷ ቋጠሮውን አጠበቁ። «ልጄ በጀርባው አዝሎ ላመጣልኝ ዕቃ፣ አይረባም ልበለው?»

«በብርድ ቢሞቱስ?»

«አልሞትኩማ።»

«ያ አምና ነው።»

«አንቺም ዛሬ አፍሽን ትይዣለሽ። ከሰማ ይወስደኛል።»

የሚያናድደው ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነበር። ቺሃያ ዕቃ ቤት ገብታ ከችግኝ ቤቱ የተረፈ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ አገኘች፤ በመጋዝ ቆርጣ በሳንቃው ቦታ አስገባችው። አያቷ መጥተው በዚያ በኩል አጮልቀው አዩ።

«ጭጋግ ጭጋግ ይላል» ብለው ሄዱ።

አባቷ ሲደርስ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ገፋ ገፋ አደረገ፤ ጀሪካኖቹን አነሳ፤ የሩዙን ሣጥን ከፍቶ አየ። ከዚያ ሦስቱም ገብተው አዲሱ የላምባ ማሞቂያ ፊት ተቀመጡ። ማራገቢያው ሙቀቱን እግራቸው ላይ ይነፋል።

«መብራቱ ቢጠፋስ፣ አባቴ? ዘንድሮ በረዶው ይከብዳል እየተባለ ነው» አለ አባቷ።

«ምን እሆናለሁ? አምናስ ምን ሆንኩ?»

አባቷ ማሞቂያውን መታ መታ አደረገው። «ጎበዝ ዕቃ ነው ይሄማ።»

ቺሃያ ሁለቱንም አየቻቸው። ዝም ብትል ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ክፍሏም የራሷ እንደሆነ ይቀራል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ። ተነስታ ከማሞቂያው ጀርባ ዞረችና ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ማራገቢያው ቆመ፤ እሳቱ ጠፋ፤ የላምባ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ አባቷ።

«መብራት ጠፋ» አለች፤ ተመልሳም ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባቷ ቀልድ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ማሞቂያውን አየ፤ ቀጥሎ የአባቱን ጀርባ።

«አምናም እንዲህ ነበር?»

ብርዱ ከወለሉ በኩል ቀስ እያለ መጣ። አባቷ ተነሳና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

«የትም አልሄድም» አሉ አያቷ ለግድግዳው።

«እርስዎን አይደለም። ቺሃያ፣ ኮትሽን ልበሺ። ሱቁ ሳይዘጋ በክር የሚሠራውን እንፈልግ። ካጣን ግን...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ካጣን ክፍሌን እለቃለሁ» አለች ቺሃያ።

በር ላይ ጫማዋን ስታስር ከኋላዋ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማች።

«ክሩ ሰፋ ያለውን እዩ።»