ቬነስ የጠፋችበት ትርዒት

የሳይንስ ሙዚየሙ ኃላፊ በጥገና ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን በብረት መፍቻ ተመትቷል። መርማሪዋ ስትደርስ ጉዳዩ ያለቀለት መስሎ ነበር፤ ሰማዩን በአዳራሹ ጣሪያ ላይ የሚያሳየው የፕላኔታሪየሙ ማሽን ባለሙያ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ለፖሊስ እጁን ሰጥቷል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ታላቅ እህቱ ግን አልተቀበለችም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በሙዚየሙ በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች። የመርማሪዋን ክንድ ይዛ አልለቅም አለች።

«እትዬ፣ በእናትዎ ይስሙኝ! ወንድሜ እንኳን ሰው ሊገድል፣ መርፌ ሲወጋ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን አመነ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሊያየኝም አልፈለገም። ልብድ ነው!»

መርማሪዋ በእንባ ቶሎ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ሰው ግን አይጥማትም።

ቀጥላ አስረጂውን ጠየቀች። ከክቡ አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ጣሪያው ላይ የሚበሩትን ከዋክብት በማይክሮፎን ለጎብኚ የሚያስተዋውቅ ድምፀ መረዋ ሰው ነው።

«ኃላፊው የተገደለው ትርዒቱ እየታየ ነው። እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሰማይ ላይ!» ብሎ ሳቀ። «አርባ ጎብኚ ድምፄን ሲሰማ ነበር። ማሽኑ እንደሆነ በራሱ ይዞራል፤ ባለሙያው ጥሎት ወጣ።»

መርማሪዋ በሩ ላይ የተቀመጠውን የአስተያየት መዝገብ ገለጠች። ብዙው «በርቱ» ነው። አንድ ጡረተኛ መምህር ግን ዛሬ ከትርዒቱ ሲወጣ በንዴት ጽፏል፦ «አስረጂው ፀሐይ ከጠለቀችበት በላይ ቬነስን ተመልከቱ አለን። አንገታችን እስኪጣመም ፈለግናት፤ የለችም። ወይ እሱን ወይ ማሽኑን አስተካክሉ።» ሦስት ጊዜ አነበበችው።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየውም በካቴና ታስሮ መጣ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለች። «ያሳየው የዛሬ ማታን ሰማይ ነው። ከዋክብት በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን እዚያው ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ፕላኔቶች ግን ቦታ ይለውጣሉ። አምና በዚህ ወቅት ቬነስ ማታ ትታይ ነበር፤ ዘንድሮ የምትወጣው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ይህን በየቀኑ የሚያስተምር ሰው እንዴት ይሳሳታል?»

ጣቷን ወደ አስረጂው ቀሰረች።

«አልተሳሳተም። ዛሬ ጭራሽ አልተናገረም፤ የተሰማው አምና የተቀዳ ድምፁ ነው። ኃላፊው አንተን አሰናብቶ በቅጂው ሊተካህ ነበር ያስቀዳህ። ቅጂውን ከፍተህ ወጣህ፣ ገደልከው፣ ትርዒቱ ሳያልቅ ተመለስህ።»

«ማስረጃ የለዎትም!»

መርማሪዋ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ አወጣች። «ከባለሙያው ኪስ የተገኘ ነው።»

እህትየው ተንጠራርታ አየችው። «የኔ ነው! የጥገና ክፍሉን ልክፈትበት ብሎኝ፣ ጠዋት ለአስረጂው ነው ያዋስኩት…»

አስረጂው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ተናግሬ» አለ፣ «በገዛ ድምፄ ሊያባርረኝ!»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ጠዋት ኃላፊው ጎብኚ ፊት ሲያዋርዳት፣ እህትህ ‹ይሄ ሰው በእጄ ይሞታል› ስትል ሰምተሃል፤ እዚያ የነበሩት ነግረውኛል። ከዚያ አምፖል ልታመጣ ስትገባ ሬሳውን አገኘህ፤ አጠገቡ ቁልፏ ወድቋል። አንስተህ ደበቅከው፣ ጥፋቱንም በራስህ ላይ አደረግህ።»

አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ ካቴናውን ፈታለት። እህቱ ልታቅፈው እጆቿን ዘርግታ ሮጠች፤ አንድ እርምጃ ሲቀራት ግን ቆመች።

«እኔ?» አለችው። «ያሳደግኩህ እኔ፣ ሰው የምገድል መሰለህ?»