ያልተንጠባጠበው ሙጫ

«ዘገዬ ጅቡቲ ሊጠፋ ነው፤ ያውም ከዱዓሌ እህት ጋር።»

ይህን ወሬ እትዬ ቦጋለች በቦኖው ሰልፍ ላይ ባልዲያቸው እስኪሞላ፣ ከሞላም በኋላ ይደጋግሙታል። ማስረጃቸው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። «የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ! ባሕር ያላማረው ሰው ዘንግ ምን ያደርግለታል? ከእኔ ባልዲ ሊያጠምድ ነው?»

አንድ የዐቢይ ጾም ሐሙስ፣ አመሻሹ ላይ፣ ዘገዬ ጓሮ ባለችው የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በገዛ መዶሻው ተመትቷል። ወሬው ግን አልሞተም፤ እንዲያውም ሬሳ አግኝቶ ተጠናከረ።

ሻምበል ወልደጻድቅ ነገሩን ለመጨረስ አንድ ሌሊት አልፈጀባቸውም። የክፍሉ መስኮት የሚከፈተው ወደ ባለሱቁ ዱዓሌ ጓሮ ነው። ዱዓሌ ደግሞ ረቡዕ ዕለት ሰፈሩ እየሰማ «የእህቴን ስም ካስነሳህ እገድልሃለሁ» ብሎ ጮኋል። ታሰረ። ሰኞ ችሎት ይቀርባል፤ የዚህ መንገድ መጨረሻ ገመድ እንደ ሆነም መጋላ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

መርማሪ ማዘንጊያ በጣቢያው ያለች ብቸኛ ሴት ናት። ሻምበሉ የተቀበሏት ሴት እስረኞችን እንድትፈትሽ ነበር። እሷ ግን ወንዶቹ አይተው ያለፉትን መፈተሽ ለመደች።

ዓርብ ጠዋት ከሟቹ ጓደኛ ከሊበን ጋር ወደ ክፍሉ ገባች። ሊበን የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነው፤ ዘገዬም አብሮት ይሠራ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ግን ተረኛ አልነበረም። ከቀርከሃ የተሠራው ዘንግ ሁለት የተፈለጡ ጣውላዎች ላይ ተጋድሟል። ገመዱ የሚያልፍባቸው ትናንሽ የሽቦ ዓይኖች በቀይ የሐር ክር ተጠምጥመው ታስረዋል፤ በክሩ ላይ እንደ መስታወት የጠራ ሙጫ ተቀብቷል። ከጫፍ ያለው የመጨረሻው ክር ብቻ ደረቅ ነው።

«ይህ ሙጫ እንዴት ነው የሚቀባው?»

«ሁለት ቱቦ ነው፤ ከሁለቱም እኩል ጨምቀሽ ታዋህጃለሽ። በብሩሽ ትቀቢያለሽ። ከዚያ እስኪይዝ ድረስ ዘንጉን ማዞር ነው። ካላዞርሽው ወደ ታች ይወርድና እንደ ሕፃን ንፍጥ ተንጠልጥሎ ይደርቃል።»

«እስከ መቼ ነው የሚዞረው?»

«በድሬ ሙቀት? በቀትር ቢቀባ እስከ ዐስር ሶላት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል።»

«ብሩሹስ?»

«ወዲያው በአልኮል ይታጠባል። ዘገዬ ብሩሹን ሳያጥብ ውኃ አይጠጣም ነበር።»

ብሩሹ ሙጫው በተዋሐደበት ሲኒ ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆሟል። ማዘንጊያ በጥፍሯ ሙጫውን ከላይም ከታችም ዳሰሰችው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ልሙጥ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች። ከሙጫው ውስጥ፣ ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ፣ ነጭ ብናኝ ተቀብሯል።

«ቆሻሻ ቢገባበትስ?»

«እሱ? በመርፌ እየለቀመ ያወጣው ነበር። አንዴ ዝንብ ገብታበት ምሳ ትቷል።»

ከዚያ ዱዓሌ ወደ ታሰረበት ክፍል ሄደች።

«ገደልከው?»

«ወላሂ አልገደልኩም! እገድልሃለሁ ብዬ ጮኼያለሁ። አቦ፣ ድሬ ላይ እገድልሃለሁ ያለ ሁሉ ቢገድል ማን ይተርፍ ነበር?»

«እህትህ ኢስታር ከእሱ ጋር ምን ነበራት?»

«ንግድ! መንጠቆና የናይለን ገመድ ከጅቡቲ በባቡር ታመጣለታለች። በቃ።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሱቅ ዘግቼ ተኛሁ። ሙቀት ነው። ሲተኙ ምስክር ይጠራል እንዴ?»

የሟቹ ሚስት የሺአረግ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከለቀስተኞቹ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ከትናንት ወዲያ የተሠራ ሹሩባዋ መካከል እስካሁን ነጭ ብናኝ አለ።

«እትዬ የሺአረግ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎ። ሐሙስ ቀትር ላይ ከፋብሪካ ወጥተው የት ሄዱ?»

«ቅዳሴ።»

«ቤት ሳይገቡ?»

«ሳልገባ። ስመለስ መሽቷል፤ እሱም ቀዝቅዟል።»

«በዘንጉ ሥራ ያግዙት ነበር?»

«ያንን እንጨት? ነክቼው አላውቅም።» የሽንኩርት ዋጋ የተጠየቀች ያህል ነበር አነጋገሯ።

ቅዳሜ ሁሉም በዘገዬ ጠባብ የሥራ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ፦ ሻምበሉ፣ ካቴና የገባለት ዱዓሌ፣ ሊበን፣ የሺአረግ፣ እንዲሁም ማንም ያልጠራቸው እትዬ ቦጋለች። ማዘንጊያ ከሁለቱ ቱቦዎች ሙጫ ጨምቃ አዋሐደች፤ ደረቁን የመጨረሻ ክር ቀባችው፤ ዘንጉን ጣውላዎቹ ላይ አጋድማ ተወችው።

«ዓሣ ልታጠምጂ ነው ያመጣሽን?» አሉ ሻምበሉ።

«አዎን ጌታዬ። ዘገዬ ብሩሹን አላጠበም፤ ይህንንም ክር አልቀባም። ስለዚህ የተመታው ቀብቶ ሳይጨርስ፣ ሙጫው እርጥብ ሳለ ነው።»

«እሺ፣ ዱዓሌ ያኔ መታው።»

«እርጥብ ሙጫ ካልዞረ ይወርዳል። ይህ ግን የትም አልወረደም። ሟች ዘንግ አያዞርም። ገዳዩ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ፣ እስኪይዝ ድረስ ሲያዞር ውሏል ማለት ነው። ሊበን ማዞር ያውቃል፤ ግን እስከ ማታው ፊሽካ ወርክሾፕ እንደ ነበር አለቃው መስክረዋል። ዱዓሌ፣ አንተስ?»

«እኔ እንጨት ነው የመሰለኝ! ይዞራል እንዴ?»

አዲሱ ሙጫ ከክሩ ሥር መጠራቀም ጀመረ። ጠብታው ረዘመ። ሊበን ተቁነጠነጠ። ከእሱ በፊት ግን አንድ እጅ ተዘረጋና እጀታውን ይዞ፣ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ ማዞር ጀመረ። ጠብታው ተመልሶ ክሩ ላይ ተንጣለለ።

የየሺአረግ እጅ ነበር። እጇን አላየችውም፤ ሌሎቹ ሁሉ ግን አዩት።

«ነክተውት የማያውቁትን እንጨት መልመድዎ!» አለች ማዘንጊያ። ከዚያ ለሻምበሉ የተቀበረውን ብናኝ አሳየቻቸው። «የፋብሪካ ጥጥ ነው። ዘገዬ በሕይወት ቢኖር በመርፌ ያወጣው ነበር፤ ሙጫው ደርቆ ቢሆን ውስጡ አይገባም ነበር። እትዬ፣ ቅዳሴ አልሄዱም።»

«አልሄድኩም።»

«ለምን ገደሉት?»

«ሊሄድ ነው አሉኝ።»

«ማን አለዎት?»

«ሁሉም።» እትዬ ቦጋለች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ጠየቅኩት» አለች የሺአረግ። «‹ፋሲካ ሲደርስ ታውቂዋለሽ› ብሎኝ ፈገግ አለ። መዶሻው እዚያ ነበር።»

«ከዚያስ ዘንጉን ለምን አዞሩት?»

«ካልዞረ ይወርዳል» አለች፤ መርማሪዋ ይህን አለማወቋ የገረማት ትመስላለች። «ሁልጊዜ ‹አታቁሚው› ይለኝ ነበር። መዶሻውን ካስቀመጥኩ በኋላ ሌላ የምሠራው ነገር አጣሁ።»

ሻምበሉ የዱዓሌን ካቴና ፈቱ። ዱዓሌ አንጓውን እያሸ በሩ ጋ ደረሰ፤ አልወጣም።

ማዘንጊያ ገና የሚዞረውን ዘንግ ትመለከታለች። የየሺአረግ ጣቶች ቀጭኑን እጀታ ዞረው ተገናኝተዋል፤ አውራ ጣቷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ተደርጎ ተፍቋል።

«ሊበን፣ ይህ እጀታ ለዘገዬ መዳፍ አልቀጠነም?»

ሊበን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእሷ ነው። ‹ያዢልኝ፣ አዙሪልኝ› እያለ በእጇ ልክ ነው የፋቀው። ባሕር አይታ አታውቅም። ለፋሲካ በባቡር ሊወስዳት ነበር። እንዳልነግራት አስምሎኛል።»

«ትናንት ለምን አልተናገርክም?»

«ከሞተ በኋላ ማንን ላስደስት ብዬ?»

የሺአረግ ማዞሯን አላቆመችም። ሙጫው ገና አልያዘም።

«የራሱን ዘንግማ» አለ ሊበን፣ «ገና አልጀመረውም።»