የእሜቴ ባለቤት

የጥርስ ሐኪሙ ሰኞ ጠዋት በገዛ ግቢው የብረት በርና በገዛ መኪናው አፍንጫ መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። መኪናዋ ባለ ሁለት ወንበር፣ ቀይ፣ ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት ያለፈ የስፖርት መኪና ናት። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለችውን ሸራ አልብሶ ያስቀምጣታል። እሱ ግን በዝናብም በጭቃም በየቀኑ ሥራ ይመላለስባት ነበር። ስሟን «እሜቴ» ብሎ አውጥቶላታል። ሚስቱ ደግሞ «ጣውንቴ» ትላታለች።

ኢንስፔክተሯ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ስትደርስ ላብ በላብ ሆናለች፤ ተናድዳለችም። የራሷ መኪና መካኒክ ቤት ከቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መካኒኩ «ነገ ነው የሚደርሰው» ከማለት ስለማይቦዝን ሰፈሩ «ነገነው» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል። አሁን ያ መካኒክ እጁ በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። የእሷ መኪና ነገር በዚሁ አበቃለት ማለት ነው።

አስከሬኑ ተነስቶ በሩ ተከፍቷል፤ አለቃዋ እዚያው ጠበቃት። «ቅዳሜ መኪናዋን የሠራው እሱ ነው። የእጅ ፍሬኑ እስከ ጫፍ ተስቧል፤ እሷ ግን ቁልቁል ተንሸራታ ሰው ገደለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ፋይሉን ዝጊልኝ።»

«ማንንም ሳልጠይቅ?»

«ወስፌ ቢለግም ቅቤ መብሳት አያቅተውም።»

በጣቢያው የወጣላት ስም ወስፌ ነው። ቀጭን ናት፤ ስትጠይቅም ትወጋለች። ቀጥታ ወደ ነገነው ሄደች።

«ኢንስፔክተር፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ! እሜቴ እኮ የእጅ ፍሬን የላትም!»

«ማንሻው ተገትሮ እያየሁት?»

«ማንሻው አለ፣ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ካቦ የለውም። ጎማውን ነክሶ አልለቅ ሲል ከስድስት ዓመት በፊት እኔ ራሴ ቆርጬ ጣልኩት። መለዋወጫው የትም ጠፋ። ዶክተርም ‹ተወው፣ እኔ ድንጋይ አለኝ› አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ በጀርባዋ ተኝታ ከመኪናዋ ሥር ገባች። እውነቱን ነው፤ ማንሻው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ስትወጣ አለቃዋ እጁን አጨበጨበ።

«ብሶ አረፈው! የእጅ ፍሬን የሌላት መኪና ሠራሁ ብሎ ያስረክባል? አሁን እስር ቤት አይቀርለትም!»

ጥርሷን ነከሰች። ልታወጣው ብላ ይበልጥ አሰመጠችው። ነገነው የአራት ልጆች አባት ነው፤ ይህን ደግሞ መኪናዋን ለመጠየቅ በሄደች ቁጥር ከልጆቹ ጋር እየተጋጨች ታውቀዋለች።

«ቅዳሜ ሐኪሙ ምን አድርግ አሉህ?» አለችው ተመልሳ።

«‹እጠባት፣ ወልውላት፤ ሰኞ ለባለቤቷ አስረክባታለሁ› አሉኝ። አንድ ፖስታም ከወንበሩ ፊት ለፊት ባለው የክሩስኮቷ መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። መሳቢያው ከግራ በኩል በጡጫ ካልተመታ አይከፈትም።»

ሄዳ መታችው። ተከፈተ። በፖስታው ውስጥ የነበረውን አንድ ገጽ ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብባ ኪሷ ከተተችው። ፊቷ ግን አልፈካም።

ሚስትየው ሳሎን ውስጥ ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ተቀምጣ ነበር። እያለቀሰች ትቆጣለች፣ እየተቆጣች ታለቅሳለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቼ ሄጃለሁ! ጣራዋ ያፈሳል፣ መስኮቷ አይዘጋም። ሞተሪኖዋ ከሞተ እንኳ ሁለት ዓመቱ። ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› እለው ነበር። ይኸው እሷ መረጠችልኝ።»

«ሞተሪኖው ካልሠራ በምን ያስነሷት ነበር?»

«በግቢው ቁልቁለት ነዋ! ማታ ማታ ላይኛው ጫፍ ላይ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙሮ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ድንጋዩ ገመድ አለው። ጠዋት መጀመሪያ ወርዶ በሩን ይከፍታል። ከዚያ ተመልሶ ይገባና ድንጋዩን በገመድ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ስትንደረደር ሞተሩ ይነሳል። የሰው ባል ቁልፍ አዙሮ ሥራ ይሄዳል፤ የእኔው ገመድ ይስባል!»

«ጃንጥላውን ሲያጥፉት የት ያኖሩታል?»

ሴትየዋ ግራ ገባት። «ማንሻው ላይ ነው የማንጠለጥለው፤ የእጅ ፍሬኑ ላይ። ለሌላ ምን ይሠራል?»

«ስለ እሜቴ ባለቤት ምን ብለዎት ነበር?»

«ትናንት ምሳ ላይ ‹ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ እሄድባትና ለባለቤቷ አስረክባታለሁ› አለ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀብኝ። እኔ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ወንድሙ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ።»

ታናሽ ወንድሙ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ የሚኖረውም ከጓሮ ባለው ክፍል ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰዓት ሁሉ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሷል። መዶሻዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ግድግዳው ላይ አባትየው ከአዲሲቷ እሜቴ አጠገብ ቆመው የሚታዩበት ፎቶ አለ። መሪውን የያዘው ጎረምሳ ታናሹ ነው።

«አባትዎ መንዳት ያስተማሩት እርስዎን ነው?»

«እኔን ነው። ‹ያንተ ናት› ይለኝ ነበር። ሲሞት ግን ታላቅ ታላቅ ነው ተባለና ለእሱ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አልተቀመጥኩባትም።»

«በእልህ?»

«የሚበላሽ ነገር ማየት አልወድም። እንደዚያ ያለች መኪና እንደ አህያ ጭቃ ለጭቃ ትነዳለች? በየጠዋቱ በዚህ መስኮት አየው ነበር። ስንት ጊዜ ለመንኩት! ግድግዳ ብለምን ይሻለኝ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ጥፋቱ የዚያ መካኒክ ነው፤ የእጅ ፍሬን ተስቦ መኪና ይሄዳል?»

ኢንስፔክተሯ የተሸፈኑትን ሰዓቶች አንድ በአንድ አየችና አመስግናው ወጣች።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። ከግንቡ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ የሬዲዮ ዜና አንባቢ አንድ ወፍራም ደብተር አቅፈው ጠበቋት።

«አሥራ አንድ ዓመት አመልክቻለሁ!» አሉ በዚያ በዜና ድምፃቸው። «ሰሚ የለም! የዚያች መኪና ድምፅ በየዕለቱ ተመዝግቧል። በር፣ የድንጋይ መጎተት፣ መንደርደር፣ የሞተር ፍንዳታ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል።»

«የዛሬውን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አንድ ሰዓት ከሃያ፤ የበር መወርወሪያ። የድንጋይ መጎተት አልተሰማም። መንደርደር። ከባድ ግጭት። ከዚያ ሩጫ። አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የብረት ጥርስ ድምፅ። ይህ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ቀጥሎ የሴት ጩኸት።»

«ቀጭ ቀጩ ከግጭቱ በኋላ ነው? እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ዜና ሳነብ አንድም ጊዜ ተሳስቼ ማስተካከያ አልሰጠሁም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሁሉም ከእሜቴ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሚስትየው፣ ወንድሙ፣ ዜና አንባቢው፣ ከነካቴናው ነገነው፤ አለቃዋ ደግሞ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ።

«ሐኪሙ ድንጋዩን የሚያነሱት መኪናው ውስጥ ተቀምጠው በገመድ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዛሬ ድንጋዩ የተገኘው ላይኛው ጫፍ ካለው አበባ ውስጥ ተወርውሮ ነው። እሳቸው በሩ ጋ ናቸው፤ እጃቸው እስከዚያ አይደርስም። ማርሹም ወጥቷል። መስኮቷ ስለማይዘጋ እጅን አስገብቶ ማርሽ ማውጣት ማንንም አያስቸግርም። መኪናዋ አልተንሸራተተችም፣ ተለቀቀች።»

«ማን?» አለ አለቃዋ።

«ከግጭቱ በኋላ አንድ ሰው ሮጦ ወረደና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ጎረቤቱ ቀጭ ቀጩን መዝግበውታል። የሳበው ‹ሐኪሙ ፍሬን ይዘው ነበር፣ ፍሬኑ ከዳቸው› እንዲባል ነው። ተሳክቶለትም ነበር፤ እኛም ይኸው ነገነውን አሰርን።»

አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የነበረ ማነው? በሩን መኪናዋ ዘግታው ፖሊስ የገባው ግንብ ዘሎ ነው። ጎረቤቱም መካኒኩም ውጭ ነበሩ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሚስትየው ማንሻው የጃንጥላ መስቀያ እንጂ ፍሬን አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ቢገድሉ እንኳ እሱን አይስቡም። ይህችን መኪና ቀን በቀን የሚያውቅ ሰው ያንን ማንሻ አይነካም። የሚስበው እሜቴን የሚያውቃት በደኅናው ዘመኗ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ያልተቀመጠባት።»

ሁሉም ወደ ሰዓት ጠጋኙ ዞሩ።  ሠላሳ ዓመት የታመቀው ገነፈለ።

«ለሰው ሊሰጣት ነበር! አቆሽሾ፣ አዝጎ፣ ጨርሶ ደግሞ ለባዳ! ‹ለባለቤቷ› አለ፣ እኔ እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጬ! ከእኔ ሌላ ባለቤት ከየት መጣባት?»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። እንደ ልማዱ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። የታላቅ ወንድሙ የተንጋደደ የሐኪም ጽሑፍ ነው፦ መኪናዬን ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቻለሁ፤ መጀመሪያም የእሱ ነበረች። እኔ በየቀኑ የነዳኋት አባቴን ላለመርሳት ነው፤ አሁን እሱ ያሳርፋት።

ከግርጌው የሰጪው ፊርማ አለ። አጠገቡ «ተቀባይ» የሚል ቃልና ባዶ መስመር።

«ምን ይላል?» አለች ሚስትየው። ከእጁ ነጥቃ አነበበችው፤ ፎጣዋ ከራሷ ላይ ወደቀ። «አንተ ነበርክ እኮ» አለችው። «ባለቤቷ አንተ ነበርክ።»

ሰውየው የእሜቴ ኮፈን ላይ ተደግፎ ቀረ። ቅዳሜ ተወልውላ ስለነበር ፊቱ በቀዩ ቀለም ላይ ይታየው ነበር።

የነገነው ካቴና ሲፈታ ኢንስፔክተሯ የእሷን መኪና ጉዳይ ልትጠይቀው አስባ ተወችው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ደግሞም የዛሬው ንዴት ለዛሬ ይበቃታል።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ውስጥ ለሰዓት ጠጋኙ እስክሪብቶ ሰጡት። በደቃቃ፣ ባማረ ፊርማው ፈረመ፤ የፈረመው ግን ሌላ ወረቀት፣ የእምነት ቃሉ ላይ ነበር።